ስለ ደረቅ ጠጕር አጠባበቅና በቤት ስለሚገኙ ቅባቶች

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካራ፥ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከተማውን የሚለቅበት አገር ነው። በስተ ሰሜኑ የእንጦጦ ተራራ ተዘርግቶ ይታያል፤ የተራራውም ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አገሩ ደጋ ስለ ሆነ በክረምት ጭጋግና ዝናም አይለየውም። መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ከገባ በኋላ ግን ሰማዩ ይጠራል፤ ነፋሱ ይበረታል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀኑንም ፀሐዩ ይፋጃል። በዚህ ወራት ከንፈር ይሰነጠቃል፤ እግር ይነጣል፤ ጠጕርም እንደ ሣር ደርቆ ማበጠሪያ ሲገባበት ይሰበራል። ይልቁንም ከባሕር ዛፉ ደን ጭራሮና ቅጠል ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችና ልጃገረዶች ዐቧራውንና ነፋሱን ቀኑን ሙሉ ስለሚቀበሉ ጠጕራቸው ከሌላው ሰው የበለጠ ይጎዳል።

የኢትዮጵያ ሴቶች ለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት መድኃኒት ቅቤ ነው። ባላገር ሴት ለበዓል ወይም ለሠርግ ሹሩባዋን ከተሠራች በኋላ ለጋውን ቅቤ በአናቷ ላይ ታኖረዋለች፤ ፀሐይም ሲያገኘው ቀስ እያለ እየቀለጠ በጉንጉኑ መካከል ወደ ራስ ቆዳ ይወርዳል። ወንዱም ጎፈሬውን ሲያበጥር፥ ልጁም ቁንጮው ሲበጠርለት ቅቤ አይቀርበትም ነበር። ቅቤ የሚለው ስም ራሱ ቅብዕ ከሚለው የግዕዝ ቃል የተወለደ ስለ ሆነ፥ ከመብል አስቀድሞ መቀባትን የሚያስታውስ ነው። በከተማ ያደጉ ብዙ ሰዎች ዛሬ ልማዱን ስለ ሽታው ይነቅፉታል፤ ነገር ግን ሽታው የሚመጣው ከቅቤው ዕድሜና ሳይታጠብ ከመቆየቱ እንጂ ከልማዱ አይደለም።

ቅባት ለጠጕር የሚሠራውን ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ የጠጕርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠጕር ሕይወት ያለው በራስ ቆዳ ውስጥ በተተከለበት በሥሩ ብቻ ነው። ከቆዳው ወጥቶ የሚታየው ክፍል እንደ ጥፍር ጫፍ ሕይወት የለውም፤ ሲቈርጡት የማያመውም ስለዚህ ነው። በየወሩ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ያድጋል፤ እንግዲህ አንድ ክንድ የረዘመ ጠጕር ጫፉ አራት ዓመት ያህል ፀሐይና ነፋስ ሲመታው የኖረ ነው ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጠጕር ሥር አጠገብ ቅባት የምታመነጭ ትንሽ ዕጢ አለች። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጠጕር ላላቸው ሕዝቦች ይህ ቅባት እስከ ጫፉ ይደርስላቸዋል፤ በተጠቀለለ ጠጕር ላይ ግን ቅባቱ በየመጠምዘዣው እየተገታ ከሥሩ አጠገብ ይቀራል፤ ጫፉም ይደርቃል። እንዲህ ያለ ጠጕር ከውጭ ቅባት የሚፈልግበት ምክንያት ይህ ነው።

ዳሩ ግን «ቅባት ጠጕርን ይመግባል» የሚባለው አነጋገር ለምሳሌ ካልሆነ በቀር እውነት አይደለም። ጠፍር በቅባት ሲታሽ ይለሰልሳል፥ መሰንጠቁንም ይተዋል፤ ሆኖም ጠፍሩ ቅባቱን በልቶ አደገ የሚል ሰው የለም። ጠጕርም እንዲሁ ነው። ቅባቱ በላዩ እንደ ስስ ሽፋን ሆኖ በውስጡ ያለውን እርጥበት ነፋስ እንዳይወስደው ያግዳል፤ ጠጕርና ጠጕርም ሲፋተጉ እንዳይሰባበሩ ያለሰልሳል። ስለዚህም ቅባት ከመቀባት በፊት ጠጕሩ በውኃ መራስ አለበት። በደረቀ ጠጕር ላይ ቅባት ቢያፈሱበት የሚጠበቀው ድርቀቱ ነው። ብዙ እናቶች ቅቤ ሳያቋርጡ እየቀቡ የልጃቸው ጠጕር መሰበሩን ያልተወው ከዚህ የተነሣ ነው።

በእውነት ጠጕርን የሚመግበው በአፍ የሚገባው ምግብ ነው። ሽሮ፥ ምስር፥ ባቄላ፥ ወተትና ዕንቍላል የጎደለበት ሕፃን ጠጕሩ ይሳሳል፤ ጥቍረቱን ለቆ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ሲጎትቱትም ሳያመው ይነቀላል። ከዚህ ጋራ እግሩ ወይም ፊቱ ያበጠ እንደ ሆነ ቅባት ፍለጋ መዋል አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ የምግብ ጉድለት በሽታ ነውና ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል።

አሁን ስለ ቅባቶቹ እያንዳንዳቸው እንናገር ቢባል፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ቅቤ ነው። ቅቤ ከመቶው እጅ ሰማንያው ያህል ስብ ነው፤ የቀረው ውኃና የአሬራ ቅሬታ ነው። ፈጥኖ የሚሸተውም ይህ ቅሬታ ስላለበት ነው። ሙቀቱ ከሰው ገላ ጥቂት ባነሰ ጊዜ ስለሚቀልጥ በራስ ላይ በደኅና ይሰራጫል፤ ነገር ግን በካራ ማለዳ ብርድ ተመልሶ ይረጋል፤ ስለዚህ ቀን ፀሐይ ሲሞቅ መቀባት ይሻላል። ከሰንዳፋና ከሱሉልታ ወገን ወደ ከተማ የሚገባው ቅቤ በገበያ ለጋ፥ መካከለኛና በሳል እየተባለ ይሸጣል። ለራስ የሚሆነው ለጋው ብቻ ነው። በሳሉ ለወጥ ቢመረጥም በዕድሜው ብዛት ስለሚኮመጥጥ የራስን ቆዳ ይቈጠቍጣል። ኮረሪማና እርድ የገባበት የወጥ ቅቤም ለራስ አይሆንም። ያለ ምንም ቅመም የተነጠረ ቅቤ ግን ውኃውና የአሬራው ቅሬታ ስለሚወጣለት ከጥሬው ይልቅ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ሽታውም ይቀንሳል። በገበያ ባዕድ ነገር የተደባለቀበት ቅቤ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ ከሚያውቁት ሰው መግዛት ደግ ነው።

በቤት ማድጋ አጠገብ የሚገኘው ቅባ ኑግ ለምግብ የከበረ ነው፤ ስሙም በብዙ ቤት የማንኛውም ዘይት መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ለጠጕርም ጥቂቱን መቀባት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ነፋስ ሲያገኘው ቀስ በቀስ የሚጠነክር ጠባይ ስላለው ብዙ ቀን ሳይታጠብ ከቆየ ይጣበቅና ዐቧራ ይይዛል። የተልባ ዘይት በዚህ ጠባይ ከኑግ ይብሳል፤ በአውሮፓ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን የሚበጠብጡበት ደርቆ እንደ ቆዳ የሚጠነክር ስለ ሆነ ነው፤ ስለዚህ ለራስ አይመከርም። ፍሬው ግን በውኃ ተፈልቶ ሲጠለል የሚወጣው የሚያሙለጨልጭ ውኃ ጠጕርን ያለሰልሳል፥ ሹሩባም ሲሠራ ጠጕሩን ይሰበስባል። የሰሊጥ ዘይት ከሁለቱ ይሻላል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የኮኮናት ዘይት ደግሞ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ ወደ ጠጕሩ ውስጥ ጥቂት ዘልቆ ስለሚገባ ጠጕር በሚታጠብበት ጊዜ የሚደርስበትን ጉዳት እንደሚቀንስ በምርመራ ታውቋል። ዋጋው ግን ከብዙ ቤተ ሰብ ዐቅም በላይ ነው፤ ያላገኘውም ሰው ብዙ አልቀረበትም።

ስለ ጉሎ ግን ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ጉሎ በአጥር ሥርና በፍርስራሽ ቦታ ሳይዘሩት ይበቅላል፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም ምሥራቅ አፍሪካን ኢትዮጵያን ጨምሮ የመነሻው አገር ያደርጉታል። ፍሬውን ሴቶች ለምጣድ ማሰሻ ይፈልጉታል። ዘይቱ ወፍራም ነው፤ እንደ ኑግና እንደ ተልባም በነፋስ አይጠነክርም፤ ስለዚህ በጠጕር ላይ ብዙ ይቆያል። ለብቻው ሲቀቡት ስለሚከብድ አንዱን እጅ ጉሎ ከሁለት እጅ ሰሊጥ ወይም ሌላ ቀጭን ዘይት ጋራ መደባለቅ ይገባል። ጠጕርን ያበቅላል ተብሎ የሚወራለት ግን በምርመራ የጸና ነገር አይደለም።

የጉሎ ዘይት ከመድኃኒት ቤት ተጠርቶ ይሸጣልና ከዚያ መግዛት ይመረጣል። በቤት የሚያወጡ ሴቶች ፍሬውን ገለፈቱን አውጥተው፥ በመጠኑ ቆልተው፥ ወቅጠው፥ በብዙ ውኃ ያፈሉታል፤ ዘይቱም ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በማንኪያ እየገፈፉ በለስላሳ እሳት ውኃውን ያደርቁለታል። በፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል እጅግ ክፉ መርዝ አለ። መርዙ በውኃ እንጂ በዘይት ስለማይሟሟ ከዘይቱ ጋራ አይወጣም፤ በደንብ ማፍላትም ኃይሉን ያጠፋዋል። አደጋው ያለው በፍሬውና በአተላው ነው። ፍሬው ዝንጕርጕር ሆኖ ዐይን የሚስብ ስለ ሆነ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ጥቂት ፍሬ አኝኮ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል። ማስመለስና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለ ሆነ፥ ልጁ ፍሬውን መዋጡ ከታወቀ ምልክቱን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል። ጉሎ የተወቀጠበት ሙቀጫ ለእህል አይሁን፤ አተላውም ለከብት ወይም ለዶሮ ሳይሰጥ ጥልቅ ተቆፍሮ ይቀበር። በትምህርት ቤት አጥር የበቀለ ጉሎ ቢኖር መምህሩ ሳያፈራ ያስነቅለው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ጠጕሩ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ ውኃው በጀሪካን ከሩቅ በሚመጣበት ቤት በሳምንት አንድ ቀን፥ ቢበዛ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። የልብስ ሳሙና የጠጕሩን የራሱን ቅባት ጠርጎ ስለሚወስድ ድርቀቱን ያብሰዋል፤ ለገላ የተሠራ ለስላሳ ሳሙና ይሻላል። እንዶድም ዐይን ስለሚያቃጥል ለነጭ ልብስ ይተው፤ (ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ወንዝ ልብስ በሚታጠብበት ስፍራ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች አይቶ፥ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድለው ያስታወቀው በዚህ ኃይሉ ነው።) ጠጕሩ በጨርቅ ተጨምቆ ርጥበቱ ሳይለቀው፥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚያህል ቅባት በመዳፍ ታሽቶ አስቀድሞ ለጫፉ፥ ቀጥሎ ለመካከሉ፥ በመጨረሻ የቀረው ለሥሩ ይቀባል። ቅባቱን ማሞቅ ቢያስፈልግ ዕቃውን በሙቅ ውኃ ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ በእሳት ላይ የጋለ ዘይት ሊነድ ወይም ራስን ሊልጥ ይችላል። ከዚያም ጣቶቹ ሰፋ ሰፋ ባሉ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየተፈታ ይበጠራል። ሌሊቱን በሻሽ ተሸፍኖ ያድራል፤ ቅቤ ከሆነ በማግሥቱ ይታጠባል። ሹሩባ ሲሠሩ ግንባር እስኪወጠር ድረስ ማጥበቅ የጠጕሩን መስመር ወደ ኋላ ያሸሸዋል፤ ይህን ቅባት አይመልሰውም። ለአራስ ሕፃን ራስ ጥቂት ንጹሕ ቅባት ቢነካ አይጎዳም፤ በእትብቱ ላይ ግን ቅቤ ፈጽሞ አይደረግ፤ በሽታ ያስገባልና።

መምህራን ከሁሉ ይልቅ ሊያስተውሉት የሚገባው ደረቅ ጠጕርን ከቆረቆር መለየት ነው። ደረቅ ጠጕር በራስ ሁሉ ላይ እኩል ነው፤ ቆዳውም ጤነኛ ነው። ቆረቆር ግን ክብ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ በዚያ ስፍራ ጠጕሩ ከሥሩ ይሰበራል፤ ቆዳው ይቀረፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ያብጥና መግል ይቋጥራል፤ በማጅራት ላይ ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ። ይህ በዐይን የማይታይ የሻጋታ ወገን በሽታ ነው፤ በማበጠሪያ፥ በባርኔጣ፥ በሻሽና በአንድ ምላጭ ብዙ ልጆችን በመላጨት ከራስ ወደ ራስ ይተላለፋል። በሽታው በጠጕሩ ሥር ውስጥ ስለሚቀመጥ ቅቤም ሆነ ጉሎ አይደርስበትም። ፎረፎር የሚባለውም ነጭ ቅርፊት ከሌላ ዐይነት ሻጋታ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ያም ሻጋታ ስብ ስለሚበላ ቅባት ሲበዛበት ይብሳል።

የታመመው ልጅ አያት መጥታ፥ «የኔታ፥ ቅቤ ስቀባው ይተወዋል፤ አባቱም በልጅነቱ እንዲሁ ነበረ» ያለች እንደ ሆነ፥ መምህሩ ሳይቈጣ፥ «እማማ፥ የአባቱ ራስ በተመለጠበት ስፍራ ጠጕር አብቅሏልን?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃት። ብዙ የቆየ ቆረቆር ጠባሳ ትቶ ጠጕሩን ለዘለዓለም ያጠፋዋልና መልሱን እርስዋ ታውቀዋለች። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ የሚታዘዝ በአፍ የሚዋጥ ነው፤ ከነዚህም አንዱ ግሪዞፉልቪን የሚባለው ሲሆን ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ያህል ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ቅባት ካለበት ምግብ ጋራ ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል፤ ስለዚህ አያቲቱ ለራሱ ያሰበችውን ቅቤ በእንጀራው ላይ ብታደርግለት ልጁን ትረዳዋለች። ጠጕሩ ማብቀል ሲጀምር ዳነ ብለው መድኃኒቱን ያቋረጡ ልጆች በሽታው ተመልሶ ይይዛቸዋል፤ በቤት ያሉትም ወንድሞቹና እኅቶቹ አብረው ይታዩ።

መድኃኒቱን የጀመረ ልጅ ከትምህርት ቤት አይባረርም፤ ማበጠሪያውንና ባርኔጣውን ለብቻው ይያዝ፤ የተላጨበትም ምላጭ ለሌላ ልጅ አይዋል።