ከመጋረጃው በስተኋላ ያለ ወንድም

ይህችን አጭር ትምህርት የጻፍሁት ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ አስቀድሜ ራሴን ወቅሼ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ወንጌልን ለማስተማር ወደ አንዲት እናት ቤት እመላለስ ነበር። እርስዋ ቡና ታፈላለች፤ ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ፤ መጽሐፍ እናነባለን፤ ጸልየንም እንለያያለን። አንድ ቀን በጸሎት መካከል ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ ሰማሁ። እናቲቱ ፊትዋ ተለዋውጦ፥ «ድመት ናት፥ መምህር» አለችኝ። ድመት ግን አልነበረችም። የዘጠኝ ዓመት ልጅዋ ነበረ፤ አንደበቱ አልተፈታም፤ እግሩም አልጸናም።

ጎረቤቶቹ ከሄዱ በኋላ እያለቀሰች ነገሩን ሁሉ ገለጠችልኝ። እኔም እንደ ዐዋቂ ሆኜ፥ «እኅቴ ሆይ፥ ምናልባት ያልተናዘዝሽው ኀጢአት ይኖር ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋት። አንዳች አልመለሰችልኝም። በሚመጣው ሳምንት ብሄድ በሩን ተዘግቶ አገኘሁት። በዚያ ቤት የተሠራ ኀጢአት ቢኖር ያ የእኔ ጥያቄ እንደ ነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ጥያቄው።

ደቀ መዛሙርት ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረውን ሰው ባዩ ጊዜ፥ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታን እንደ ጠየቁት በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ እናነባለን። ጌታችን ግን በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላኖረም፤ በዚያ ሰው ሊሠራ ወዳለው ወደ እግዚአብሔር ሥራ ዐይናቸውን መለሰ። እኛም መጽሐፉን በእጃችን ይዘን፥ እርሱ የዘጋውን ጥያቄ እንደ ገና እንከፍተዋለን።

የሕክምና ትምህርትም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በሰውነት ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞሶም መሆን ሲገባው 47 ስለሚገኝ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1959 በፈረንሳይ አገር ተገለጠ። ይህን ወላጅ በሥራው አያመጣውም። ኦቲዝምም የአንጎል አስተዳደግ ልዩነት ነው እንጂ የክፉ አሳዳጊ ፍሬ አይደለም። ሌላው ልጅ በአስቸጋሪ ምጥ አንጎሉ አየር አጥቶ፥ ሌላው ደግሞ ከተወለደ በኋላ በማጅራት ገትር ይጎዳል። አንዳንዱን ጉዳት አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። የሕፃኑ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መሠረት የሚገጥመው በተፀነሰ በ28 ቀን ያህል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሴት ከመፅነስዋ በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ፥ ይህ መሠረት ሳይገጥም የመቅረቱ አደጋ እጅግ ይቀንሳል። ይህን የምጽፈው እናቶች እንዲጠቀሙበት ነው እንጂ ማንም እናትን እንዲከስስበት አይደለም።

ሁለተኛ፤ ስለ መጋረጃው።

ሁለት እግሩ ሽባ የነበረው የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ በሎዶባር ተሰውሮ ሲኖር፥ ንጉሥ ዳዊት ስንቅ ብቻ ልኮ ሊተወው ይችል ነበር። እርሱ ግን አስመጥቶ፥ ዘወትር ከንጉሥ ማዕድ እንዲበላ አደረገው (2 ሳሙኤል 9)። እኛስ በቤታችን እንዴት ነን? እንግዳ ሲመጣ በጓዳ ለብቻው የሚበላ ልጅ የለንምን? ክርስቲያን ከሆንን ወደ መሶቡ እናቅርበው። መቀመጥ የሚያስቸግረውንም ደግፈን ቀጥ አድርገን እናስቀምጠው፤ በጀርባው አስተኝተን አናጕርሰው፤ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ ሊያንቀው ይችላልና።

ልጅዋን በገመድ አስራ የምትወጣ እናት ብታይ ለመፍረድ አትቸኩል። እርስዋ ለዕለት እንጀራ ትወጣለች፤ የሚጠብቅላት ሰው ግን የላትም። ገመዱ የሚፈታው በተግሣጽህ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ከልጁ ጋር ብትቀመጥ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ቢኖር፥ በሽታው በመንካት አይተላለፍምና አትሽሽ። በወደቀ ጊዜ የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አርቅ፤ ከራሱ በታች ልብስ አድርግ፤ በጎኑም አስተኛው። ክብሪት አታሽትተው፤ በአፉ ምንም አትክተት፤ በግድም አትያዘው። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ቢያልፍ ወደ ሐኪም ቤት ውሰደው። ስለ እርሱ ጸልይ፤ ነገር ግን ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት በጸሎት ስም አታስጥለው።

ሦስተኛ፤ ስለ ማስተማር።

«እርሱ አይማርም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «እኛ አልታገሥንም» ማለት ነው። እጅ መታጠብን እንውሰድ፤ ለእኛ አንድ ሥራ ሲሆን ለእርሱ ግን ስድስት ነው፤ ውሃውን መክፈት፥ እጅን ማርጠብ፥ ሳሙና መያዝ፥ ማሸት፥ ማለቅለቅ፥ ማድረቅ። እጅህን በእጁ ላይ አድርገህ በየቀኑ በአንድ ሥርዓትና በአንድ ሰዓት አሳየው፤ በአጭር ቃል ተናገረው፤ ከዚያም እርዳታህን ቀስ በቀስ ቀንስ። አንዱን በቻለ ጊዜ ደስ ይበልህ፤ ደስታህንም ይይ።

በአገራችንም ምሳሌ አለን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማእከልን ከፈቱ። እርሳቸው በ2021 ቢያርፉም፥ ለልጃቸው የፈለጉት በር ለብዙ ልጆች ተከፈተ። በሆሳዕናም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት መሥርታለች። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ፊደላችንን በእጅ ያስነብባል፤ የጣቶች ቅርጽ ፊደሉን፥ የእጅ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ያመለክታል። እንግዲህ ቋንቋ ሳለው «ዱዳ» ብሎ መጥራት የማን አላዋቂነት ነው?

አራተኛ፤ ስለ አዋቂዎች።

ሕፃኑ ያድጋል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን የ40 ዓመት ሰው ግን መንደሩ ሁሉ ዛሬም «ማሙሽ» ይለዋል፤ በዕድሜ የሚያንሰውም «አንተ» ይለዋል። ለእኩዮቹ «እርስዎ» የምንል ከሆነ ለእርሱም እንበል። ደግሞም ከሚረዳው ሰው ጋር በራሱ ላይ ሆነን ስለ እርሱ አናውራ። ጌታችን ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ ምን እንደሚሻ ማንም ሊገምት በሚችልበት ጊዜ እንኳ፥ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ራሱን ጠየቀው (ማርቆስ 10)። ምጽዋት ሳይጠይቁ ይሰጣል፤ ክብር ግን ከመጠየቅ ይጀምራል።

ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው የዐይናቸውን ብርሃን አጡ፤ በሻሸመኔ በሚስዮን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው የሕግ ባለሙያ ሆኑ። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመሥራታቸውም እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበሉ። ሆኖም ሰው የሚከበረው ለሽልማት ስለ በቃ አይደለም። አንድ ቃል የማይናገረውም በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሮአል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን የዓለም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። መንግሥት በሕግ የተቀበለውን ክርስቲያን በፍቅር ሊቀድመው ይገባ ነበር።

ወደዚያች እናት ደጅ ተመልሼ ሄድሁ። በሩ ላይ ቆሜ ይቅርታ ለመንኋት፤ ከዚያም አስቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝን «እኅቴ፥ ምን ላግዝሽ?» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «መምህር፥ ቅዳሜ ገበያ ደርሼ እስክመለስ አጠገቡ ይቀመጡልኝ» አለችኝ። ከመሄድዋ በፊት ልጁ «አዎን» ለማለት ዐይኑን ወደ ላይ እንደሚያነሣ አሳየችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲናገር ኖሮአል፤ እኔ ግን በዚያ ቤት አራት ዓመት ሳስተምር አንድ ቀን አልሰማሁትም። እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ «ማን በደለ?» የሚለውን ትተን «ምን ያስፈልገዋል?» እንበል፤ መልሱንም ከሰማን በኋላ እንቀመጥ።

ለመመርመር የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. በሰፈርህ ወደ ጸሎት ቤት መጥቶ የማያውቅ አካል ጉዳተኛ ማን ነው? የከለከለውስ ደረጃው ነው ወይስ ዐይናችን?

2. በዚህ ሳምንት ለአንዲት እናት ስንት ሰዓት ልትሰጥ ትችላለህ?

3. ልትተወው የሚገባህ የስድብ ስም የትኛው ነው?