ሁለተኛው ራውተር በየት በኩል ይሰካ?

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ወጣትና በኔትወርክ ዝርጋታ ሥራ የኖሩ አዛውንት ጎረቤቷ ምልልስ።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ በሩ አካባቢ ዋይፋዩ ጥሩ ነው፤ ጓዳ ስገባ ይጠፋል። አቅራቢ ብቀይር ይሻላል ወይ?

አዛውንቱ፦ ምርጫ መኖሩስ ደግ ነው፤ ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው። ግን መጀመሪያ ላፕቶፕሽን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተሽ እዪው። እዚያ ላይ ከፈጠነ ጥፋቱ የአቅራቢው አይደለም።

ወጣቷ፦ በኬብልማ ፈጣን ነው።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ግድግዳሽ ነው። በባቡሩ ዘመን የተሠራ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሞገዱን ያዳክመዋል።

ወጣቷ፦ ለዚያ ብዬ ሁለተኛ ራውተር ገዝቼ ዋን የሚለው ላይ ሰካሁት። ኢንተርኔቱ መጣ፤ ከጓዳ ፕሪንት ሳዝ ግን ፕሪንተሩ አይገኝም።

አዛውንቱ፦ ዋን ከውጭ የሚመጣው መስመር መግቢያ ነው። ከ1 እስከ 4 የተቆጠሩት የላን ፖርቶች የቤት ውስጥ ናቸው። ዋን ላይ ስትሰኪው ጓዳው ለብቻው ሌላ ኔትወርክ ሆነ፤ ፕሪንተርሽ ደግሞ በዋናው ላይ ነው ያለው።

ወጣቷ፦ ስለዚህ ነቅዬ ላን ላይ ልሰካዋ?

አዛውንቱ፦ ቆይ፣ ቅደም ተከተል አለው። አዲሱን ብቻውን ከላፕቶፑ ጋር በኬብል አገናኚና ሴቲንጉን ክፈቺ፤ አድራሻውና ፓስወርዱ ከሥሩ ተለጥፏል። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ አዲሱን 192.168.1.2 አድርጊው። በአዲሱ አድራሻ ተመልሰሽ ግቢና ዲኤችሲፒውን አጥፊ።

ወጣቷ፦ እሱ ለምን ይጠፋል?

አዛውንቱ፦ ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለው እሱ ነው። አንድ የባጃጅ ተራ ላይ ሁለት ተራ አስከባሪ ከቆመ ትርምስ ነው፤ ሥራውን ለዋናው ተዪለት። ከዚያ ከዋናው ላን ወደ አዲሱ ላን ኬብል ሳቢ፤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል።

ወጣቷ፦ የዋይፋዩ ስምስ?

አዛውንቱ፦ ስሙንም ፓስወርዱንም በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት አድርጊው፤ ቻናሉን ግን ለያዪ። በ2.4 ጊጋኸርዝ 1፣ 6 እና 11 አይደራረቡም፤ ስለዚህ አንዱን 1 ሌላውን 6 ላይ አድርጊ። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ቶሎ ያሸንፈዋል። ለጥበቃው ቢያንስ ደብሊውፒኤ 2 ምረጪ።

ወጣቷ፦ ደንበኞች ፓስወርድ ስጪን ሲሉኝስ?

አዛውንቱ፦ የራስሽን እንዳትሰጪ! የሰው መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ስካን ታደርጊያለሽ፤ አደራ ነው። በዋናው ራውተር ላይ የእንግዳ ዋይፋይ ክፈቺላቸው። በሁለተኛው ላይ ከከፈትሽው ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተሮችሽ አይለያቸውም።

ወጣቷ፦ ሌላ የቀረ አለ?

አዛውንቱ፦ ራውተሩን ከፍ ያለና አየር የሚያገኝ ቦታ አስቀምጪው፤ በድሬ ሙቀት ሳጥን ውስጥ መዝጋት ዕድሜውን ያሳጥራል። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የአድሚን ፓስወርድ ደግሞ ዛሬ ሱቁን ሳትዘጊ ለውጪ፤ ጽፈሽም በጥንቃቄ አስቀምጪው።