ከማረሚያ ቤት ሲፈቱ የኤችአይቪ ሕክምናዎ እንዳይቋረጥ

እስር ላይ ሳለ መድኃኒቱን አንድም ቀን ያላጓደለ ሰው በተፈታ በወሩ ሊያቋርጥ ይችላል። ውስጥ ሳለ ክሊኒኩ ቅርቡ ነው፤ ነርሷም ቀጠሮውን ታስታውሰዋለች። ሲወጣ ግን ማደሪያ፣ ሥራ፣ መታወቂያና የተለያቸው ልጆች በአንድ ቀን ይጠብቁታል፤ መድኃኒቱ ነገ ነገ እየተባለ ይሰነብታል። በአሜሪካ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ከእስር የወጡ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ 2115 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ሲፈቱ የ10 ቀን መድኃኒት ይዘው ቢወጡም ሳያልቅባቸው ቀጣዩን የወሰዱት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ 60 ቀን ሞልቶም የወሰዱት ከመቶ 30 ብቻ ነበሩ። እዚያ መድኃኒቱ ውድ ነው፣ በነፃ ለማግኘትም ማመልከቻ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ በኢትዮጵያ ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመፈታት በፊት የሚሠራው ዝግጅት ነው።

1. የሚፈቱበትን ቀን ሳይጠብቁ ይዘጋጁ

በአመክሮ የሚፈታ ሰው ቀኑን አስልቶ ሊያውቀው ይችላል። ይቅርታ ግን በድንገት ይመጣል፤ ዘመን መለወጫ ሲደርስ ስም ዝርዝር ይነበባል፣ የተጠራው ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። የቀጠሮ እስረኛም ጠዋት ፍርድ ቤት ሄዶ በዚያው ቀን ነፃ ሊባል ይችላል። በዚያ ደስታ መካከል ክሊኒክ ገብቶ ወረቀት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍርደኛ ከሆኑ የአመክሮ ቀንዎ 3 ወር ሲቀረው፣ የቀጠሮ እስረኛ ከሆኑ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋጁ።

ነርሷን በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን እንድትጽፍልዎ ይጠይቁ፦ የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) መለያ ቁጥርዎ፣ መድኃኒት የጀመሩበት ቀን፣ አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ስም፣ የመጨረሻው የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለ የቫይረስ መጠን) ውጤትና ቀኑ፣ የቲቢ መከላከያ መጀመርዎና መጨረስዎ፣ የማይስማማዎ መድኃኒት ካለም እሱ። አንዱን ቅጂ እርስዎ ይያዙ፤ ሁለተኛውን ምስጢርዎን ለሚያውቅ ጠያቂ ይስጡ። ፍተሻም ሆነ ዝውውር ያለበት ሕይወት ነውና አንድ ወረቀት ብቻውን አይታመንም።

2. የዝውውር ወረቀትና መድኃኒት

መጀመሪያ የት እንደሚያድሩ ይወስኑ። ሸዋሮቢት ታስሮ ቤተሰቡ ጎንደር ያለ ሰው የዝውውር ወረቀቱ በማረሚያ ቤቱ አቅራቢያ ላለ ሆስፒታል ቢጻፍለት አይጠቅመውም። ሰፈርዎ ያለው ጤና ጣቢያ የሚያውቅዎ ሰው ይበዛበታል ብለው ከሠጉ ትንሽ ራቅ ያለ ይምረጡ፤ ሆኖም ትራንስፖርቱን በየቀጠሮው መክፈል የሚችሉት ይሁን። ወረቀቱ በታሸገ ፖስታ ይሰጥዎ፤ ከውጭ የበሽታው ስም አይጻፍበት።

ከወረቀቱ ይልቅ ግን በእጅዎ ያለው መድኃኒት ይበልጣል ባይ ነኝ። ወረቀት ቢጠፋ በስልክ ይጣራል፤ ኪኒን ካለቀ ግን ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት መልሶ ይባዛል። ቢያንስ የ1 ወር፣ ቢቻል የ3 ወር ይጠይቁ። ሲጠይቁም አይፈሩ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ የኔልሰን ማንዴላ ደንብ የሚባለው፣ 24ኛው አንቀጹ የእስረኛ ሕክምና ከውጭው የጤና አገልግሎት ጋር ተያይዞ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ያዛል፤ ኤችአይቪንና ቲቢንም በስም ይጠቅሳል። ይህን የምታነቡ የማረሚያ ቤት ጤና ባለሙያዎች፣ የአመክሮና የይቅርታ ዝርዝር ሲወጣ ቀድሞ እንዲደርሳችሁ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋገሩ። ዝግጁ የሆነ ፖስታ ሰው ያድናል።

3. መንገድ ላይ

መድኃኒቱን ከብልቃጡ አውጥተው በወረቀት ወይም በፌስታል አይቋጥሩ። ብዙዎች ስሙ እንዳይነበብባቸው እንዲህ ያደርጋሉ፤ ኪኒኑ ግን እርጥበት አይወድም፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢትም የተቀመጠችው እርጥበት እንድትመጥ ነው። ብልቃጡን በልብስ ጠቅልለው በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ። አውቶቡስ ላይ ከሻንጣ ጋር ወደ ፖርቶ መጋላ አይስቀሉት፤ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ሻንጣም ይጠፋል።

4. በመጀመሪያው ሳምንት ጤና ጣቢያ

መድኃኒቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ በደረሱ በሳምንቱ ይሂዱ። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሰው ሲሰለፍ ሁሉንም መናገር የለብዎትም። «የክትትል ዝውውር አለኝ» ይበሉ፣ ወይም ኬዝ ማናጀሩን ይጠይቁ። ኬዝ ማናጀሮች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ናቸውና ጭንቀትዎን ያውቁታል።

ወረቀት ከሌለዎትም ይሂዱ። ብልቃጡን ያሳዩ፣ መለያ ቁጥርዎን ይንገሩ፣ የነበሩበትን ማረሚያ ቤት ስም ይስጡ፤ መደወልና ማጣራት የእነሱ ሥራ ነው። አንዱ ሠራተኛ «ወረቀት ካላመጣህ» ብሎ ቢመልስዎ ወደ ቤት አይሂዱ፤ የኤአርቲ ክፍሉን ኃላፊ ያነጋግሩ። መታወቂያዬ አልታደሰም ብለውም አይቅሩ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ። መታሰርዎን ለመደበቅ ብለው እንደ አዲስ ታካሚ፣ በሌላ ስም፣ አይመዝገቡ። ሐኪሙ ቀድሞ የወሰዱትን መድኃኒትና የቫይራል ሎድ ታሪክዎን ካላወቀ፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶ ቢሆን እንኳ በጊዜው አይደርስበትም። በምን እንደታሰሩ ግን መናገር አይጠበቅብዎትም፤ የሚጠይቅዎ ካለም ጥያቄው ከሕክምናው ጋር ግንኙነት የለውም።

5. አወሳሰድ

አሁን አብዛኛው አዋቂ የሚወስደው ቲኤልዲ ነው፤ ሦስት መድኃኒት በአንድ ኪኒን፣ በቀን አንዴ። ምግብ ኖረም አልኖረም ይዋጣል፤ ስለዚህ ጾም ምክንያት አይሆንም፣ ማታ ማድረግ ነው። ረመዳንም እንዲሁ። ረስተው ከዋሉ ባስታወሱ ጊዜ ይዋጡ፣ በማግስቱ ግን ሁለት አይደርቡ። የጨጓራ ማስታገሻ፣ ካልሲየም ወይም አይረን የሚወስዱ ከሆነ ኪኒኑን 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ይውሰዱ። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ ሕክምና ላይ ከሆኑ ከሦስቱ አንዱ የሆነው ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለአዲሱ ሐኪም ይህን ሳይናገሩ አይውጡ።

ጸበል መግባት ከፈለጉ መድኃኒቱን ይዘው ይግቡ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ ሁለቱ እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረዋል። «ጣለው» የሚልዎ ካለ ከእምነቱ አባቶች በላይ ሆኖ ነው።

6. ተቋርጦ ከሆነ

ወርም ይሁን ዓመት፣ ይመለሱ። ቁጣ ፈርቶ የሚቀር ሰው አለ፤ የሚጎዳው ግን ራሱን ነው። ሲመለሱ ሲዲፎር (የበሽታ መከላከያ ሴል መጠን) ይለካል፣ የቲቢ ምርመራ ይደረጋል፣ መድኃኒቱም ይቀጥላል። ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት ካለብዎ ያን ቀን ይናገሩ።

7. ቤት ውስጥ

የእንኳን ለቤትህ አበቃህ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ቀን ምስጢር አይነገርም። አንድ ሰው ይምረጡ፤ ብልቃጡን የሚያውቅ፣ ሲያመሹ «ዋጥህ?» የሚል። ባለቤትዎ የማያውቁ ከሆነ ግን ብዙ አይዘግዩ፤ ነርሷ ባለችበት ሁለታችሁን አስቀምጣ እንድታግዝዎ መጠየቅ ይቻላል። ባለቤትና ልጆች ይመርመሩ። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ወርዶ እንደዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። እስኪያረጋግጡ ድረስ ግን ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ከቫይረሱ ነፃ የሆነው ወገንም የመከላከያ ኪኒን ስለመውሰድ ይጠይቅ።

8. ለሥራ ከሄዱ

ከእስር የወጣ ሰው ከተማ ውስጥ ሥራ ሲያጣ ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ ወይም ወደ ግንባታ ቦታ ይሄዳል። ከመሄድዎ በፊት ለኤአርቲ ክፍሉ ይንገሩ፤ ክትትልዎ የተረጋጋ ከሆነ የ3 ወር፣ ሲቆይም የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ሊሰጥዎ ይችላል። ስልክ ቁጥር ከቀየሩም አዲሱን ያስመዝግቡ፤ በቀሩ ጊዜ የሚፈልጉዎ በዚያ ነው። ቆይታዎ ከተሰጠዎ መድኃኒት የሚረዝም ከሆነ ግን አዲስ የዝውውር ወረቀት ይዘው ይሂዱ።