የተራራ ብስክሌት መንገድ ጠባቂና የቁልቁለት ፊዚክስ

በጎ ፈቃደኛ የተራራ ብስክሌት መንገድ ጠባቂ ሲባል በከተማ እንደምናውቀው የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ነፍቶ የሚያስቆምና የሚቀጣ ሰው ማለት አይደለም። ሥራው በተራራ ጥርጊያ ላይ በብስክሌት እየተዘዋወረ መንገዱን መቃኘት፣ አቅጣጫ ለጠፋው መምራት፣ ብስክሌቱ ለተበላሸበት መፍቻ ማቀበል፣ ለወደቀው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና ጎርፍ የሸረሸረውን ስፍራ መዝግቦ ማስታወቅ ነው። ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ቀደምት አርአያ የሚሆነው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 የተቋቋመው የበረዶ ሸርታቴ ጥበቃ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበርም የራሱን ጠባቂዎች አደራጅቷል።

አገራችን ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞቿን አሰልፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይሁንና የእነርሱ ሜዳ አስፋልት ነበር። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጠጠርና አቧራ የበዛበትን የእግር መንገድ ነው፤ ለምሳሌነትም ዋግ ኽምራን መርጠናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር ከፍ ብላ ከምትገኘው ሰቆጣ ተነሥተን ወደ አበርገሌና ወደ ተከዜ ሸለቆ ብንወርድ፣ የአንድ ሠልጣኝ ጠባቂ ፈተና ሁሉ በአንድ ቀን ይገጥመናል። ገደሉ፣ ሙቀቱ፣ የፍየሉ መንጋ፣ የጤና ተቋሙ ርቀት፣ አንዱም አይቀርም።

ከፍሬኑ እንጀምር። ጋላቢውና ብስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። 1000 ሜትር ቁልቁል ሲወርዱ የሚለቀቀው እምቅ ጉልበት 784,000 ጁል ነው። ይህ መጠን ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ በ20 ዲግሪ ያለን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ውኃ ሰቆጣ ላይ ለማፍላት ይበቃል ማለት እንችላለን። (ሰቆጣ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽሮው ቆይቶ የሚበስለውም ለዚሁ ነው።) ጋላቢው ፍጥነቱን ሳይጨምር ከወረደ ከዚህ ጉልበት ከፊሉን አየርና ጎማ ሲወስዱት የቀረው ሁሉ በፍሬን ላይ ሙቀት ይሆናል።

ሙቀቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ብስክሌቱ እያንዳንዳቸው 150 ግራም የሚመዝኑ ሁለት የብረት ዲስኮች ቢኖሩትና አየር ባያቀዘቅዛቸው፣ 100 ሜትር ብቻ መውረድ ሙቀታቸውን ከ500 ዲግሪ በላይ ከፍ ለማድረግ ይበቃል። ፍሬኑ በቸርኬ ላይ የሚይዝ ከሆነና ሁለቱ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች በድምሩ አንድ ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ግን ጭማሪው 87 ዲግሪ ያህል ነው። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ቸርኬው ካላማዳሪውን ስለሚያሞቀው ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። በተግባር የሚያድነን አየሩ ነው። አንድ ሰው በ10 በመቶ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲወርድ በየሰከንዱ የሚለቀቀው ጉልበት 436 ጁል ገደማ ሲሆን፣ ይህም የ1000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃን ግማሽ ሊያህል ጥቂት ይቀረዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ይህም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ዝግ ብሎ መውረድን፣ በየመሀሉ ቆሞ ፍሬኑን ማሳረፍን፣ የጋለ ዲስክ በእጅ አለመንካትንና ውኃ አለማፍሰስን ይማራል።

የማቆሚያ ርቀትስ? በልል ጠጠር ላይ የሰበቃው መጠን 0.4 ነው ብለን እንውሰድ። በዚያው የ10 በመቶ ቁልቁለት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጋላቢ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ሙሉ በሙሉ የሚቆመው 11 ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር 20 ሜትር፣ በ40 ኪሎ ሜትር ደግሞ 32 ሜትር ይፈጅበታል። በአበርገሌ ጥርጊያ ከመታጠፊያው ባሻገር የሚጠብቀው ምናልባት በፍየሏ የታወቀው የዚያ አገር እረኛ ከነመንጋው ነው፤ አለዚያም ጭነት ያዘለች አህያ ናት። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፤ ጋላቢው ከሚታየው ርቀት በግማሽ ውስጥ መቆም በሚችልበት ፍጥነት ይውረድ። ለእግረኛና ለእንስሳ ቅድሚያ የሚሰጠውም ብስክሌተኛው ነው። በዝምታ ከኋላ መድረስ አህያ ያስደነግጣልና አስቀድሞ ድምፅ አሰምቶ ሰላምታ መስጠት ያስፈልጋል።

ጀማሪዎች የፊቱን ፍሬን ይፈሩታል። ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ፍሬኑን መተው ሳይሆን ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው። የክብደት ማዕከሉ ከፊተኛው ጎማ መንኪያ ወደ ኋላ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከመሬት ወደ ላይ 110 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገኛል እንበል። መሬቱ ሜዳ ከሆነ የኋላው ጎማ ሳይነሣ ፍጥነት መቀነስ የሚቻለው በየሰከንዱ እስከ 5.4 ሜትር በሰከንድ ነው። በ20 በመቶ ቁልቁለት ላይ ይህ ወሰን ወደ 3.3 ይወርዳል። ጋላቢው ከኮርቻው ተነሥቶ ዳሌውን ወደ ኋላና ወደ ታች በማድረግ ማዕከሉን ወደ 75 እና 100 ሴንቲ ሜትር ቢያመጣው ግን ወሰኑ ወደ 5.3 ይመለሳል። ቁልቁለቱ የቀማውን አቋቋሙ መለሰለት ማለት ነው። ልል ጠጠር ላይ ግን ከመገልበጥ በፊት መንሸራተት ስለሚቀድም ሁለቱንም ፍሬኖች በእርጋታ መያዝ ይበጃል። የኋላውን ጎማ ቆልፎ መጎተት ግን ለጋላቢውም ለመሬቱም ጥፋት ነው። ጎማው የቀደደው ቦይ በክረምት የውኃ መውረጃ ይሆናል፤ ገበሬው በላቡ የካበው እርከን ከሥሩ ካለ ጉዳቱ ለእርሱም ይተርፋል። መንገድ ሠሪዎች የጥርጊያው ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ግማሽ እንዳይበልጥ የሚመክሩትም ውኃው መንገዱን ተከትሎ ከመውረድ ይልቅ አቋርጦት እንዲያልፍ ነው።

ሄልሜትን በተመለከተ አንድ ስሌት ይበቃል። ከ1.5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ራስ በ2 ሴንቲ ሜትር ፎም ውስጥ ቢቆም የሚደርስበት ግፊት በአማካይ የራሱን ክብደት 75 ጊዜ ያህላል፤ ያለ ሄልሜት በ2 ሚሊ ሜትር ቢቆም 750 ጊዜ ይሆናል።

የጎማ አየር ብዙ ሠልጣኞችን ያሳስባል፤ ከሚገባው በላይ ይመስለናል። ሰቆጣ ላይ በ200 ኪሎ ፓስካል የተነፋ ጎማ 1000 ሜትር ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው 10 ያህል ዝቅ ይልበታል፤ የቆላው ሙቀት በ15 ዲግሪ ቢበልጥ ደግሞ 14 ያህል ይጨምርለታል። ይልቅስ የሚያሳስበው የመጠጥ ውኃው ነው።

የሥልጠናው ክብደት ያለው በመጀመሪያ እርዳታው ላይ ነው። ይህን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይሰጣል። እዚህም ፊዚክስ አለ። ግፊት ማለት ኃይል በስፋት ሲካፈል ነውና፣ ደም የሚፈስበትን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ላይ በቀጥታ መጫን ይቀድማል፤ ይህ ሳይበቃ ቀርቶ እግር ወይም ክንድ ማሰር ግድ ከሆነ፣ ሥጋን የሚቆርጥ ሲባጎ ሳይሆን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መታጠቂያ ያሻል፤ የታሰረበት ሰዓትም ይጻፋል። የተሰበረ አጥንት ሲደገፍ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች አብረው እንዳይንቀሳቀሱ ይደረጋል። አንገቱ ተጎድቷል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ሌላ አደጋ ካላስገደደ በስተቀር ከቦታው አይነሣም።

ጦርነት ባለፈባቸው የሰሜን አካባቢዎች፣ ዋግ ኽምራን ጨምሮ፣ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለ። ጠባቂው በጥርጊያው ዳር የማያውቀውን ብረት ካየ አይነካውም፣ ድንጋይም አይወረውርበትም፤ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ሌሎች እንዳይቀርቡ ያደርግና ለሚመለከተው አካል ያስታውቃል።

መኪና በማይገባበት አገር ሕመምተኛ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው። ሕመምተኛውና ቃሬዛው 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ለአራት ተሸካሚዎች በነፍስ ወከፍ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ዳገት ላይ ተሸካሚው የራሱንም ክብደት ያነሣልና ተቀያሪ ቡድን ከሌለ ጉዞው ይቋረጣል። ጠባቂው ብቻውን አይሸከምም፤ የመንደሩን ሰው ይጠራል። ለዚህም ጥሪው ግልጽ መሆን አለበት፤ ተጎጂው የት እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ መተንፈሱንና መናገሩን፣ ምን እንደተደረገለት። የሞባይል ስልክ የሳተላይት አቀማመጥ ያለ ኔትወርክም ቦታውን ሊያሳይ ይችላል፤ መልእክቱን ግን ያለ ኔትወርክ አይልከውም። ስለዚህ ሠልጣኙ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ በሰው እጅ መላክን፣ ከዚያም በላይ የየወንዙንና የየኮረብታውን ስም በኽምጣንጋ አጥንቶ መያዝን ይለማመዳል፤ ቃሬዛውን ይዞ የሚመጣው ሰው የሚያውቀው ያንን ስም ነውና።