የሰፈራችን ወንዝ ወዴት ይሄዳል?

 

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያላችሁ ወንድምና እህቶች፣ በተለይ በመድረሳም በትምህርት ቤትም ታናናሾቻችሁን የምታስተምሩ፣ የዛሬው ትምህርት ለእናንተ ነው።

ልጆች «የአየር ንብረት ለውጥ» ወይም «ዓለም አቀፍ ብክለት» ሲባሉ የሚታያቸው የሩቅ አገር በረዶና ጭስ ነው። ለፈተና ይሸመድዱትና ይረሱታል። ስለዚህ ከሩቅ አንጀምር። አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃቸው፦ በሰፈራችን የሚያልፈው ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው። ውሃው ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይወርዳል። ዓባይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ አልፎ፣ ሱዳንና ግብፅን አጠጥቶ ሜዲትራኒያን ይገባል። ሱሉልታ ላይ ዛፍና ሣር ሲመነጠር ጎርፍ የሚያጥበው አፈርም በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ለግድቡ ደለል ነው።

የቡራዩና የሰበታ ውሃ ግን የሚሄደው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ከቡራዩ በኩል የሚመጣው ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ምዕራብ አቋርጦ አባ ሳሙኤል ይደርሳል፤ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። የሰበታም ውሃ መድረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የጣልንበት ሁሉ እዚሁ ይቀራል ማለት ነው። ተመራማሪዎች በአቃቂ ውሃ በለማ አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ከላይ የለቀቅነው ቆሻሻ ጎመን ሆኖ ማዕዳችን ላይ ይቀርባል። አፋር ውስጥ ግመሉን ከአዋሽ የሚያጠጣው ወንድማችንም ሀቅ አለው።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመርከብ ላይ ስላሉ ሰዎች ምሳሌ ሰጥተዋል። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ላለማስቸገር ብለው በራሳቸው ድርሻ ቀዳዳ ሊከፍቱ አሰቡ። ዝም ከተባሉ ሁሉም ይሰጥማል፤ ከተከለከሉ ሁሉም ይድናል።

አስተውሉ፤ ቀዳጆቹ ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም። በጎ ሐሳብ ብቻውን ግን መርከብ አያድንም። እኛ ደግሞ በወንዙ ከላይ ያለነው ነን፤ ቀዳዳው በእኛ በኩል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ «አባቴ እኮ ፋብሪካ ነው የሚሠራው» ሊላችሁ ይችላል። አታሳፍሩት። ሐላል እንጀራ ክቡር ነው። እኛ የምንለው ፋብሪካ ይዘጋ አይደለም፤ ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ ነው። ይህ ለሠራተኛውም ለቤተሰቡም ይጠቅማል፤ ከወንዙ አጠገብ የሚኖሩት እነሱ ናቸውና።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንሞክር፦

1. ልጆቹ የሰፈራቸውን ወንዝ ከመነሻው እስከ መድረሻው በወረቀት ላይ ይሣሉ። በመንገዱ ላይ ማን እንደሚጠጣው ይጻፉበት።

2. የዉዱእ ውሃ እንለካ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ይህም በሁለት እጅ እፍኝ የሚያዝ፣ ከአንድ ሊትር ሃይላንድ ያነሰ ነው። ከቧንቧው ሥር ባልዲ አድርገን ዉዱእ እንያዝና ስንት እንደምናፈስ እንይ። ብዙዎቻችን እናፍራለን።

3. ሰፈር ውስጥ ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ካየን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ብቻ አይበቃም። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። ከታላላቆች ጋር ሆነን ጉዳዩን በአክብሮትና በጽሑፍ ለአስተዳደሩ እናቅርብ። መልስ እስክናገኝም እንመላለስ።

ልጅ ዓለምን መውደድ የሚማረው ከካርታ አይደለም። ታላቁ ሃይላንዱን ወንዝ ውስጥ ሲወረውር ወይም ሲያነሳ አይቶ ነው።

አላህ የተሰጠንን አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። ከእኛ በታች ላሉት መከራ ሳይሆን እዝነት የምናወርድ ያድርገን። አሚን።