ሾላን ከፍቶ ማየት

«ሾላ በድፍን» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የበሰለ ሾላ ሲከፈት ትንኝ የሚመስሉ ነፍሳት ይወጡበታል። አንዱ ላለማየት በድፍኑ ይጎርሰዋል፣ ሌላው «ትል አለው» ብሎ ይጥለዋል። ሾላ መትከል የፈለገ ሰው ግን ሥራውን ፍሬ ከፍቶ በማየት ቢጀምር እመርጣለሁ። ቦታ አመራረጡም ሆነ እንክብካቤው የሚገባው ያኔ ነው።

አንደኛ፣ ፍሬውን ሰንጥቁ። በደራና በፎገራ መካከል በሚወርደው በጉማራ ወንዝ ዳር ሾላ አይጠፋም። ገና ያልለሰለሰ ፍሬ ከግንዱ ላይ ቀንጥሱና በቢላ ለሁለት ክፈሉት። ነጭ ወተቱ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሾላ ሳያብብ ያፈራል ይባላል፤ አበባው ግን ውስጥ ነው፤ ጥቃቅን አበቦች የፍሬውን ግድግዳ ዙሪያውን ሞልተውታል። ወደዚያ የምትደርሰው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትሆን ተርብ ናት። በፍሬው አፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ተጨንቃ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል። ከሌላ ፍሬ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ ታራግፋለች፣ በከፊሎቹ አበቦች ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። የቀሩት አበቦች ዘር ይሆናሉ። ሳምንታት ቆይቶ ክንፍ የለሽ ወንዶች ቀድመው ይፈለፈላሉ፤ ከሴቶቹ ጋር ተራክበው መውጫ ይበሱና ይሞታሉ። ሴቶቹ በዚያን ጊዜ የደረሰውን አዲስ ብናኝ ደረታቸው ላይ ባለ ኪስ ሞልተው ይበራሉ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸው አንድ ሁለት ቀን ነው። ተርብ ያልገባበት ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ሳይበስል ይረግፋል።

በቱርክ የሾላን ዘመድ በለስን የሚያለሙ ገበሬዎች የወንዴውን ዛፍ ፍሬ ለቅመው በሴቴዋ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ተርቧ ብናኝ ይዛ እንድትሻገር። የእኛ ሾላ፣ በሳይንስ ስሙ ፊከስ ሱር፣ ወንዴና ሴቴ አበባን በአንድ ፍሬ ስለሚይዝ ከዚህ ድካም ያሳርፋል። ሆኖም ሴቴዎቹ ቀድመው፣ ወንዴዎቹ ሳምንታት ዘግይተው ስለሚደርሱ ብናኙ ከሌላ ፍሬ፣ ብዙውን ጊዜም ከሌላ ዛፍ መምጣት አለበት። ስለዚህ አንድ ብቻ አትትከሉ፤ ሦስት አራት ይሁኑ። በአካባቢው ያረጀ ሾላ ካለም አታስቆርጡት።

ሁለተኛ፣ ቦታ። የደራዋ አንበሳሜ ወይና ደጋ ይስማማዋል። ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ያላት ደብረ ታቦር ግን ለሾላ ትበርዳለች። ወንዝ ዳር፣ የምንጭ አጠገብ ወይም እርጥበት የሚይዝ የማሳ ጠርዝ ምረጡ። ሥሩ ግድግዳ ስለሚሰነጥቅ ከቤትና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ በዛፎቹ መካከልም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ዘር። ለስልሶ የቀላና ተርቦቹ የወጡበት ቀዳዳ የሚታይበትን ፍሬ ልቀሙ። በባልዲ ውሃ ውስጥ ጨፍልቃችሁ አሹት። ባዶው ይንሳፈፋል፤ የሚሰምጠውን በጨርቅ አጥልላችሁ በጥላ አድርቁ። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ በለም አፈር፣ በአሸዋና በብስባሽ የተዘጋጀ መደብ ላይ በትኑት። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አትቅበሩት፤ ለመብቀል ብርሃንም ይፈልጋል። ውሃው ዘሩን ጠርጎ እንዳይወስደው በቀስታ ይረጭ፣ መደቡም እንዳይደርቅ። ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት አዛውሩት።

ቅርንጫፍ መትከልም ይቻላል፣ ፍሬም ቶሎ ይሰጣል። እኔ ግን ከዘር የበቀለውን አስቀድማለሁ፤ ከአንድ ዛፍ የተቆረጡ ቅርንጫፎች ያው አንድ ዛፍ ናቸው፣ የፍሬያቸውም ወቅት ሊገጥም ይችላል።

አራተኛ፣ ተከላ። ዝናቡ ሲጸና፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ፣ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ብስባሽ ጨምሩበት። ከረጢቱን ቅደዱት እንጂ ከነላስቲኩ አትትከሉ። በእሾህ እጠሩት፤ ፍየል ቅጠሉን ትወዳለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ አጠጡት።

አምስተኛ፣ ጥበቃ። ለሽንኩርትና ለቲማቲም የሚረጨው ፀረ ተባይ ይህችን ተርብ ይገድላል። ሾላው አጠገብ አትርጩ፣ ነፋስ ወደ ዛፉ ሲነፍስም ተዉት። ፍሬው የሚወጣው ግንዱና ትላልቅ ቅርንጫፎቹ ላይ በሚያቆጠቁጡ ቅጠል አልባ ጭራሮዎች ላይ ነው። ደርቀው የሞቱ መስለዋችሁ እንዳትመለምሏቸው፤ የነገው ፍሬ ያለው እነሱ ላይ ነው።

ስድስተኛ፣ ለቀማ። ቀልቶ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉደውን ልቀሙ። ተርቦቹ ከወጡ በኋላ ስለሚለሰልስ ውስጡ የሚቀረው ተርብ ጥቂት ነው። ለሁለት ክፈሉት፣ መዳፍ ላይ መታ መታ አድርጉና እፍ በሉበት። ለልጆች የምትሰጡት ከሆነ ፊታቸው ክፈቱት፤ ከውስጡ የምትበረውን ጥቁር ነጥብ እያሳያችሁ ወዴት እንደምትሄድ ንገሯቸው።