የአሮጌ ሰንጢ ዕድሜ

ሐርጌሳ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1960 የእንግሊዝ ሱማሌላንድ ርእሰ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1988 በቦምብ ድብደባ አብዛኛው ክፍሏ ስለ ፈረሰ፣ ከቀድሞው ዘመን የተረፈ ትንሽ ዕቃ ሁሉ የታሪክ ምስክር ይሆናል። በእንዲህ ያለ ከተማ አሮጌ ሰንጢ ያገኘ ሰው ዕድሜውን በምን ያውቃል?

ሰንጢ ስለቱ ወደ እጀታው የሚታጠፍ የኪስ ቢላዋ ነው። ከስለቱ ግርጌ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ይቀረጽበታል። ለእንግሊዝ ጦር ከተሠሩት ሰንጢዎች ብዙዎቹ የቀስት ጫፍ ምልክትና የተሠሩበት ዓመት አላቸው። ዓመት ባይኖር ሌላው ቃል ይረዳል። የማይዝግ የቢላዋ ብረት በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ከተማ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ስለዚህ «ስቴይንለስ»፣ ማለትም «የማይዝግ»፣ የሚል ቃል ያለበት ሰንጢ ከዚያ ዓመት በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ከዚያ ወዲህ በየትኛው ዓመት እንደ ተሠራ ግን ቃሉ ብቻውን አያስረዳም።

አሮጌ ሰንጢ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፤ ዘይት በነካው ጨርቅ በቀስታ ይጠረጋል። ምልክቱ ከጠፋ፣ ስለቱ ቢያብረቀርቅም ምስክርነቱ አይመለስም።

ጥያቄ፦ «ስቴይንለስ» የሚል ቃል ያለበት ሰንጢ በ1900 ተሠራ ቢባል የማይታመነው ለምንድን ነው?